የመምህር ጉግሳ የመኝታ መኪና

ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ የአምቦን ልጅ በየተራ ጂኦግራፊ ያስተማሩት መምህር ጉግሳ፣ ከጊንጪ ወጣ ብሎ ጭልሞ ደን ጥግ በቆመ መኪና ውስጥ፣ ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው እንደተከናነቡ ሞተው ተገኙ። ዕለቱ ከ2011 ዓ.ም. የኅዳር እሑዶች አንዱ ነበር። የዓባይን ገባር ሁሉ በቃላቸው የሚዘረዝሩት፣ የዓለምን ካርታ በጠመኔ ከሰሌዳው ዳር እስከ ዳር የሚስሉት ሰው፣ በዕድሜያቸው የተጓዙት ሩቁ መንገድ ነቀምት ድረስ ብቻ ነበር። ጡረታ ሲወጡ «ያስተማርኩትን አገር እስቲ በዓይኔ ልየው» ብለው ተነሡ፤ የመጀመሪያው አዳራቸው የመጨረሻቸው ሆነ።

የምዕራብ ሸዋ ዞን ፖሊስ መርማሪዋ ኢንስፔክተር ጂቱ ጥሪው የደረሳት ከቅዳሴ ስትወጣ ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዋ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ የገዛ አስተማሪዋን ሬሳ ግን አይታ አታውቅም። ከአንድ ሳጅን ጋር ወዲያው ከአምቦ ወደ ጊንጪ ተነሣች።

አስከሬኑን ያገኙት የደኑ ጠባቂ ኦቦ ፈየራ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀበሏት።

«አዴ ጂቱ፣ አካም ጂርቱ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ኦቦ ፈየራ። እስቲ እንደሆነው ይንገሩኝ።»

«ትኩስ ሻይ ይዤላቸው መጣሁ። ባንኳኳ ዝም፣ ብጣራ ዝም። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል፤ መስተዋቱን ሰብሬ ገባሁ። ያ ዋቅ! ፊታቸው እንደ ሕፃን ፊት ቀልቷል። የሞተ ሰው ይቀላል እንዴ? ትንሽ ቆይተው የሚነቁ ነበር የሚመስሉት።»

መኪናው የአምቦው መካኒክ የሆርዶፋ የእጅ ሥራ ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ አሮጌ ሚኒባስ ገዝቶ፣ ወንበሩን ነቃቅሎ አልጋ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ የጋዝ ምድጃና የጋዝ ማሞቂያ ገጠመበት። ፈረንጆቹ «ካምፐር» ይሉታል፤ አምቦ «የመኝታ መኪና» አለችው፤ ነገር ሁሉ ቀልድ የሆነለት ሆርዶፋ ደግሞ «አከራይ የሌለው ቤት» ይለው ነበር። መምህር ጉግሳ ሊገዙት ተስማምተው፣ አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አስቀመጡ፤ አንድ ሌሊት አድረውበት ሳይፈትኑት ውል አይፈርሙም።

ጂቱ ገብታ ዙሪያውን ቃኘች። የማሞቂያው ቁልፍ እንደተከፈተ ነው፤ ሲሊንደሩ ግን ባዶ ሆኗል። ኦቦ ፈየራ ከሰበሩት በቀር መስኮቶቹ ሁሉ ዝግ ናቸው። ከራስጌ የተሰቀለውን መጋረጃ ገለጥ ስታደርግ፣ ግድግዳው ላይ የቡጢ ያህል ቀዳዳ አየች፤ በጨርቅ ጥርቅም ተደርጎ ተደፍኗል። ከአልጋው ሥር ለአንድ ሌሊት አዳር የአንድ ወር የሚበቃ ጓዝ ታጭቋል። ጀሪካኑን፣ የስንቁን ቅርጫት፣ የመጻሕፍቱን ካርቶንና ትርፉን ብርድ ልብስ አንድ በአንድ ካወጣች በኋላ፣ ከሁሉም በታች ወለሉ ላይ ሁለተኛ ቀዳዳ አገኘች። እሱም ተደፍኗል።

ጨርቁን ስባ አወጣችው። በሥርዓት ታጥፎ የተጠቀለለ ነው። ብትፈታው አምስት የተፈለፈሉ ነጭ ሽንኩርቶችና አንድ እፍኝ ፌጦ እጇ ላይ ወደቁ።

«ከስንቁ የወደቀ ይሆናል፤» አለ አብሯት የመጣው ሳጅን።

«የወደቀ ነገር ጨርቅ ውስጥ ራሱን አይጠቀልልም፤» አለች ጂቱ። በወረቀት አሽጋ ኪሷ ከተተችው። «ይህን ለማንም እንዳታወራ።»

የመምህሩ ደብተር ትራሳቸው አጠገብ ነበር። መኪና የሚገዛ ሰው ሊጠይቅ የሚገባውን ሁሉ በዚያ ጥንቃቄ በተሞላበት የእጅ ጽሕፈታቸው ጽፈው፣ ከሥሩ የሆርዶፋን መልስ አስፍረዋል። ሊብሬው በማን ስም ነው? ዝናብ ያስገባል? ዳገት ላይ ሞተሩ ይግላል? «ሁለት ሰው በምቾት ያስተኛል?» ይላል አንዱ፤ ጎኑ ላይ በትንሹ «ዓለሚቱ ሐሳቧን ከቀየረች» የሚል ተጨምሯል። ሰባተኛው ጥያቄ ስለ ሁለቱ ቀዳዳዎች ነው። መልሱም «ማሞቂያው ሲነድ አየር መግቢያና መውጫ። በፍጹም አይደፈኑም» ይላል፤ «በፍጹም» የምትለዋ ቃል በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ተሰምሮባታል።

የመጨረሻው ጥያቄ መልስ የለውም። «መንገድ ዳር አቁሞ ማደር በሕግ ይፈቀዳል? ጂቱን ልጠይቃት።»

ዓርብ ከሰዓት ሁለት ጊዜ ደውለውላት ነበር። ስብሰባ ላይ ስለነበረች አላነሣችም፤ ሲያልቅም «ነገ እደውልላቸዋለሁ» ብላ ረሳችው። ደብተሩን ዘጋች። የሰው እጅ ከመያዟ በፊት የራሷን እጅ አየች።

የሆስፒታሉ ሐኪም የሞቱን ምክንያት ለማወቅ ብዙ አልደከመም፤ ማሞቂያው አየር አጥሮት ሲነድ የሚወጣው፣ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዘኛ ጋዝ ነው። የጂቱ አለቃ ኮማንደር ሌንጂሳም ጥፋተኛውን ለማግኘት ብዙ አልደከሙም።

«ነገሩ ግልጽ ነው፤» አሉ። «ኅዳር ነው፤ ጭልሞ ብርድ ነው። ገዢው በርዶት ሐሳቡን እንዳይቀይር ሻጩ ቀዳዳውን ደፈነው። ሆርዶፋ ሐሙስ ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

«አመነ?»

«አላመነም፤ ግን አልካደም። ዝም ብሏል። ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ እኔ ልንገርሽ?»

ጂቱ ሆርዶፋን ማረፊያ ክፍል ሄዳ አነጋገረችው። የሁለት ልጆች አባት፣ በገበያ ዋጋ ሲከራከር ጉሮሮው የሚነቃ ሰው፣ ለራሱ አንገት ሊከራከር አልፈለገም። ከተፈረደበት ጋራዡም ቤቱም እንደሚበተን ያውቃል።

«ቀዳዳዎቹን የደፈንከው አንተ ነህ?»

ዝም።

«ሆርዶፋ፣ አንድ ክፍል ነው የተማርነው። የመምህርን ነገር ስለ መምህር ብለህ ንገረኝ። ቀዳዳው ምን እንደሆነ ነግረሃቸው ነበር?»

ይህን ጊዜ ቀና አለ። «ነግሬያቸዋለሁ! አስጽፌያቸዋለሁ! ለእሳቸው አልቀለድኩም፣ ጂቱ። ቢያንስ ለእሳቸው አልቀለድኩም።» ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ጂቱ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። «ለእሳቸው።» ታዲያ ለማን ነው የቀለደው?

ሁለተኛው ተጠርጣሪ፣ እሱም የመምህሩ የቀድሞ ተማሪ፣ መልአኩ ነበር። ወንጪ አካባቢ የእንግዳ ማረፊያ አለው፤ ያንን መኪና ለእንግዶቹ ፈልጎት መምህሩ ቀድመውታል። ንጹሕ ሹራብና የተወለወለ ጫማ አድርጎ ቢሮዋ ገባ።

«ቅዳሜ የት ነበርክ?»

«ጌዶ። ከብት ገበያ።»

«ምን ገዛህ?»

«ምን ይገዛል ብለሽ ነው! ዋጋው አልቀመስ ብሏል።»

«ኦቦ ፈየራ ግን ከመምህር ጋር ጭልሞ ግንድ ላይ ተቀምጠህ አይተውሃል። ከብቱ እዚያ ነበር?»

መልአኩ ጫማውን አየ። ሲናገር ድምፁ የትምህርት ቤት ልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር።

«መኪናውን እንዲተዉልኝ ልለምናቸው ሄድኩ። ሊብሬው ችግር አለበት ብዬ ዋሸኋቸው። ሳቁብኝ፤ ‹ጥያቄ ቁጥር አንድ ነው፤ አጣርቻለሁ› አሉኝ። መሸት ሲል ግን ‹ማሞቂያውን ትንሽ አብርቼው ነበር፤ ራሴን እያመመኝ ነው› አሉ። እኔም ‹ነፋስ መትቶዎት ነው መምህር፤ መስኮቱን ጥርቅም አድርገው ዘግተው ይተኙ› አልኳቸው።»

«እሳቸው? አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ከፍተው ከስንቱ ተሳፋሪ ጋር የተጣሉት ሰው?»

«እኔም ገርሞኛል። ‹አንተ ተማሪዬ ሆነህ ነፋስ ያሳምማል ትላለህ?› ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ ብርዱ ሲበረታ ‹ግድ የለም፤ መስኮቱን ብዘጋም ቀዳዳዎቹ አሉልኝ› ብለው ገቡ።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ዝጉት ያልኳቸው እኔ ነኝ። ጂቱ፣ እኔ ነኝ የገደልኳቸው?»

«አንተ ወደ መኪናው ገብተህ ነበር?»

«ደጅ ነበርኩ፤ ኦቦ ፈየራን ጠይቂ።»

ጂቱ መልሱን ጻፈች።

ማክሰኞ ልቅሶ ቤት ሄደች። የመምህሩ ባለቤት ወይዘሮ ዓለሚቱ ፍራሽ ላይ በጥቁር ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ጂቱን ሲያዩ እጇን ጨብጠው ሳቡና አጠገባቸው አስቀመጧት።

«ያንን ሰውዬ እንዳትለቂው፤» አሉ። «ቆርቆሮ ገጣጥሞ ሰው የሚገድል! ከመቃብር ወዲያ ሌላ ፍርድ አለ ብዬ ዝም አልልም፣ ልጄ። እዚሁ እንዲከፍል ነው የምፈልገው።»

«እትዬ ዓለሚቱ፣ ዓርብ መኪናው እዚህ ግቢ ነበር አይደል?»

«ሆርዶፋ አምጥቶ አቆመው። ጉግሳ ፀጉሩን ሊቆረጥ ሄደ፤ እኔ ጓዙን ጫንኩለት።» ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። «አብሬው መሄድ እምቢ አልኩ። ሰው ቤቱን ዘግቶ መኪና ውስጥ ያድራል ብዬ ተሳለቅኩበት። ሲሄድ እንኳ በሩ ድረስ ዞሮ አየኝ። እንደው ያለ እኔ ቢሄድም ምንም አላጎደልኩበትም። ብርዱም፣ አውሬውም እንዳይደፍረው አድርጌ ነው የሰደድኩት።»

ጂቱ እጃቸውን ያዘች። ያን ጊዜ ኪሷ ውስጥ ያለው ትንሽ ጥቅል ድንጋይ የሆነ መሰላት።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ኮማንደር ሌንጂሳ ገባች። ቀዳዳዎቹን ማን እንደደፈናቸው አውቃለሁ አለቻቸው፤ ሁሉንም ነገረቻቸው። እሳቸውም ተነሥተው በሩን ዘጉ።

«‹ሟቹ ራሳቸው ደፈኑት› ብለሽ ብትጽፊስ?» አሉ ሲመለሱ። «ሆርዶፋ ይፈታል። ሴትዮዋም በሰላም ያለቅሳሉ። ማን ይጎዳል?»

ይህን ሐሳብ ጂቱም ሌሊቱን ሙሉ አገላብጣዋለች። «መምህር ይጎዳሉ፤» አለች። «ጥያቄውን ጠይቀዋል፤ መልሱን በትክክል ጽፈዋል። እኔ ተማሪያቸው ተነሥቼ ስህተት ብዬ ላርምባቸው?»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ ግቢ፣ መኪናው በቆመበት ሰበሰበቻቸው። ወይዘሮ ዓለሚቱ ወንበር ተሰጣቸው። መልአኩ፣ ኦቦ ፈየራና ኮማንደር ሌንጂሳ ቆሙ። ሆርዶፋ በካቴና ታስሮ ከሳጅኑ ጎን ሆነ።

«ቀዳዳዎቹን ማን ደፈናቸው? ጥያቄው ይኸው ብቻ ነው፤» ብላ ጀመረች ጂቱ። «መጀመሪያ መምህርን እንይ። ብርድ ፈርተው ራሳቸው ይሆኑ? አይደሉም። ደብተራቸው ላይ ‹በፍጹም አይደፈኑም› ብለው አስምረውበታል። በሞቱበት ምሽትም ለመልአኩ ‹ቀዳዳዎቹ አሉልኝ› ብለውታል። መስኮቱን የዘጉት ቀዳዳው ክፍት ነው ብለው ስላመኑ ነው።»

መልአኩ ራሱን ነቀነቀ።

«ሁለተኛ፣ መልአኩ። መኪናውን ይመኘው ነበር፤ ጌዶ ነበርኩ ብሎም ዋሽቶኛል። ግን ወደ ውስጥ አልገባም። ኦቦ ፈየራ፣ ልክ ነኝ?»

«ከግንዱ አልተነሣም። ሻዬን ጨርሶ ሄደ፤» አሉ ሽማግሌው። «ሦስት ብርጭቆ።»

«ቢገባም አይችልም ነበር። የወለሉ ቀዳዳ የነበረው ከጓዙ ሁሉ ሥር ነው። እሱን ለመድፈን ጀሪካኑን፣ ቅርጫቱን፣ ካርቶኑን ማውጣትና መልሶ መጫን ያስፈልጋል። ስለዚህ የተደፈነው ጓዙ ከመጫኑ በፊት ነው። ያም ማለት ጭልሞ ሳይሆን እዚሁ አምቦ፣ ዓርብ ዕለት።»

«እንግዲያውስ ሻጩ ነዋ!» አሉ ወይዘሮ ዓለሚቱ። «ያመጣው ዓርብ ነው!»

«እኛም ያልነው ይህንኑ ነበር፣ እትዬ። ግን ሆርዶፋ መካኒክ ነው። ቀዳዳ መሸሸግ ቢፈልግ ቆርቆሮ ቆርጦ፣ ቀለም ቀብቶ በብሎን ያስራል፤ ጨርቅ አጥፎ አይወትፍም። ደግሞም አይደፈንም ብሎ ያስጻፈው እሱ ነው። ታዲያ ለምን ራሱን አልተከላከለም? እኔ የታሠረ ንጹሕ ሰው ሲጮህ እንጂ ዝም ሲል አላየሁም። ዝም የሚለው የሚከልለው ሰው ሲኖረው ነው። ወይም ሌላ ነገር ሲቆጠቁጠው። መኪናው ግቢ ቆሞ ሳለ፣ ጓዙ ሳይጫን፣ ስለዚያ ቀዳዳ የጠየቀው ሌላ...»

«ይበቃል!» ሆርዶፋ ጮኸ። ሳጅኑ ክንዱን ያዘው። «እኔ ነኝ የደፈንኩት! ኮማንደር የሚሉት ሁሉ ልክ ነው። ጻፊውና ልፈርም። ይበቃል፣ ጂቱ፣ ስለ እመቤቴ!»

ጂቱ ወደ እሱ ዞረች። «እሺ። በምን ደፈንከው?»

«በጨርቅ። አሁን አንቺው ተናገርሽ እኮ።»

«ጨርቁ ውስጥ ምን ነበረ?»

ሆርዶፋ አፉን ከፈተ። ኮማንደሩን አየ፤ መኪናውን አየ። 

«ነጭ ሽንኩርት፤» አሉ ወይዘሮ ዓለሚቱ።

ሁሉም ወደ እሳቸው ዞሩ።

«አምስት ፍሬ። ከፌጦ ጋር።» በዝግታ ነበር የሚናገሩት፤ እንደሚቆጥር ሰው። «ሽታውን እባብ አይወድም። እናቴ ከብት በረት ሥር ታደርገው ነበር። የላይኛው... የላይኛው ለነፋሱ ነው። ራሱን ከነፋስ አይጠብቅም፤ አውቶቡስ ላይ እንኳ...»  ጂቱን ቀና ብለው አዩ። «ልጄ፣ ያ ቀዳዳ ምን ነበር?»

ጂቱ ለዚህ ጥያቄ ከትናንት ጀምሮ ተዘጋጅታ ነበር፤ ሲመጣ ግን ዝግጅቱ አልረዳትም። «የመተንፈሻ ነበር፣ እትዬ፤» አለች።

«ጠይቀውኝ ነበር፤» አለ ሆርዶፋ፤ ይህን ጊዜ እንባው በጺሙ ላይ ይወርዳል። «ዓርብ ቁልፉን ላስረክብ ስመጣ፣ ‹ይህ ቀዳዳ ምንድን ነው?› አሉኝ። ለመምህር ግማሽ ሰዓት ቆሜ አስረድቻለሁ። ለእርስዎ ግን... ‹የሚገዛው እሳቸው፤ እኚህ ምን ያደርግላቸዋል› ብዬ፣ ‹ጭልሞ ሲደርስ እባብ ያለ ትኬት የሚሳፈርበት በር ነው› አልኩዎት። ሳቅሁም። እሑድ ሬሳው መጣ ሲባል፣ ምን እንዳደረጉ ወዲያው ገባኝ። እውነቱን ብናገር የገደልኩት በቀልዴ ነው፤ የሚወጋው ግን እርስዎን ነው። እንዴት አድርጌ ልናገር?»

ወይዘሮ ዓለሚቱ አላለቀሱም። «እውነቱን ጻፊ፤» አሏት ጂቱን። «የእኔን ስም ከነአባቴ ጻፊ። እኔ ‹እዚሁ ይክፈል› ስል ነበር።»

«የሆነውን ሁሉ እጽፋለሁ፤» አለች ጂቱ። «ቀልዱንም፣ ‹መስኮቱን ዝጉ›ንም፣ ያልተነሣውን ስልኬንም። የቀረውን ዐቃቤ ሕግ ይየው።»

ኮማንደር ሌንጂሳ ለሳጅኑ ምልክት ሰጡ፤ ካቴናው ተፈታ። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር፤ ሚስቱና ልጆቹ ውጭ ይጠብቁታል። ሆርዶፋ ግን ወደ በሩ አልሄደም። ጎንበስ ብሎ ከኋላ ጎማው ሥር ታኮ የተደረገውን ድንጋይ አወጣና፣ የበደለ ሰው በአገሩ እንደሚያደርገው በማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ ከወይዘሮ ዓለሚቱ እግር ሥር ተንበረከከ።

አሮጊቷ ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ ከወንበራቸው ተነሥተው ድንጋዩን ከአንገቱ ላይ በሁለት እጃቸው አነሡለት።

«ተነሥ፣ ልጄ። ይቅር ብያለሁ። ልጆችህ እየጠበቁህ ነው።»

ሆርዶፋ ተነሣ። እሳቸው ግን ድንጋዩን መሬት አላወረዱትም። ደረታቸው ላይ አቅፈውት፣ ከአንዱ ፊት ወደ አንዱ ፊት ተመለከቱ።

«እኔስ?» አሉ። «ለማን ልሸከመው?»